የጋትኩዋት ሳል

ውድ እህቴ ኛሙት፣

ስለ ጤንነቴ አልጽፍልሽም። ተቆጥቻለሁና ደህና ነኝ ብል እዋሻለሁ።

ልጅሽ ጋትኩዋት ከጁባ ደጋግሞ ይደውልልሻል፤ አታነሺም። የባሮ ወንዝ የወሰደው መንታ ወንድሙ ኩን ግን በየእሑዱ ፑኝዶ፣ በዚያ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ያነጋግርሻል። ነቢይ ጸጋአብ፣ የሕያውን ድምፅ ከሰማሽ የሟቹ መንገድ ይዘጋል ብሎሻል። አንቺም ታዝዘሽ፣ የቀረልሽን አንድ ልጅ ተውሽው።

ቤትሽ ድረስ መጥቼ ሰውዬው አታላይ ነው ስልሽ የመለስሽልኝን አልረሳሁም። «የወለድኩት እኔ፤ ድምፁን የምታስተምረኝ አንተ?» አልሽ። ጎረቤቶችሽ ሳቁ። አንዷማ፣ የተማረ ሰው ሲያረጅ ከእግዚአብሔርም ማስረጃ ይጠይቃል አለች። ይሁን። ማስረጃ ፍለጋ ሄድኩ።

ሳላጣራ የምፈርድ ሰው አይደለሁም። ኩን በሰጠመ ቀን ጋትኩዋት ጁባ ምሳ እየበላ ድንገት ተነስቶ ወንድሙን በስሙ መጥራቱን ስሰማ፣ አብረውት የነበሩትን ለየብቻ ጠየቅኋቸው። ሁሉም አንድ ነገር ነገሩኝ። ይህን ማስረዳት አልቻልኩም፤ አልቻልኩም ብዬ ትቼዋለሁ። እግዚአብሔር የሚያውቀውን ሁሉ ማወቅ የለብኝም። ጸጋአብ የሚሠራውን ማወቅ ግን አያቅትም።

በሩ ላይ ስልክ ይሰበሰባል። ኔትወርክ መንፈሱን ይረብሻል ይላሉ። ስልኩ ሁሉ በፕላስቲክ ሳፋ ተደርጎ ከመድረኩ ጀርባ ወዳለችው ክፍል ይገባል። ያንቺ ስልክ ኮድ የለውም፤ የገዛሁልሽ እኔ ነኝ።

እኔም ሁለት ስልክ ይዤ ሄድኩና አንዱን ደበቅኩ። ሳፋው ውስጥ በጣልኩት ላይ ግን፣ እዚህ ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር ሱቅ ያለው ፈይሰል በቴሌግራም የላከልኝ የድምፅ መልእክት ነበረበት፤ «ወንድሜ፣ ናፍቀኸኛል፤ አትርሳኝ» የሚል። ለአስተናጋጇም ወንድሜ ሞቶብኝ ነው የመጣሁት አልኳት። በሚቀጥለው እሑድ ነቢዩ ስሜን ጠራ። ከሞንታርቦው ውስጥ የፈይሰል ድምፅ ናፍቀኸኛል አለኝ። ሕዝቡ እልል አለ። ፈይሰል በዚያ ሰዓት ሱቁ ውስጥ ስኳር ይመዝን ነበር። በኋላ ስነግረው፣ «ጋሼ፣ መሞቴን ለሚስቴ እንዳትነግራት፤ የሐዘን ልብስ ግዛልኝ ትለኛለች» ብሎ ሳቀ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። አንቺ እዚያ ነበርሽ። ዞር ብለሽ አየሽኝ። የሞተ ወንድም እንደሌለን ከማንም በላይ ታውቂያለሽ። ዝም አልሽ።

ቀጥሎ ኩን ተጠራ። ድምፁ በኑዌርኛ፣ «እማ፣ አታልቅሺ፤ ለቆኛል፣ ደህና ነኝ» አለ፤ መሀል ላይ አንድ ደረቅ ሳል አለበት። ጸጋአብ፣ ልጅሽ ከአፈር በታች ሆኖ ይጠራሻል አለ። ሰውዬው ከደጋ አገር የመጣ ነው፣ ልማዳችንን አያውቅም። እኛ ዘንድ መንታ ወፍ ነው። በረረ እንጂ ሞተ አይባልም፤ እንደ ሌላው ሰውም አይለቀስለትም። ኩን የተወሰደ ጊዜ ለቀስተኛውን ከደጅ የመለስሽው፣ ልጄን መሬት ውስጥ አታስገቡብኝ ያልሽው አንቺ ነሽ። ከአዳራሹ ሕዝብ ግማሹ ኑዌር ነበር። አስተርጓሚውም ኑዌር ነው፤ ቃሉን ሲተረጉም ምላሱ ተያዘ። አንድም ሰው አልተናገረም። አንቺ አጎንብሰሽ አሜን አልሽ።

በደበቅኩት ስልክ የቀዳሁትን ለጋትኩዋት ላክሁለት። ብዙ ቆይቶ፣ ባለፈው ክረምት ከወባ ሲድን ለአንቺ የላከውን መልእክት መልሶ ላከልኝ። «እማ፣ አታልቅሺ፤ ወባው ለቆኛል፣ ደህና ነኝ» ይላል። ወባው የሚለውን ቆርጠው አውጥተዋል። ሳሉን ግን ረስተውታል፤ ያው ሳል፣ ያው ቦታ ላይ። እያፈራረቅሁ ደጋግሜ አዳመጥኳቸው።

ስለዚህ አልተሳሳትሽም፣ የወለድሽው ድምፅ ነው። በሕይወት ያለው ልጅሽ ድምፅ ነው። ጸጋአብ ከስልክሽ ሰርቆ መልሶ ላንቺው ሰጠሽ፤ ባለቤቱ ሲደውል ደግሞ አታንሺ አለሽ።

ጸጋአብን የምቆጣው ማንኛውንም ሌባ እንደምቆጣ ነው። ያንቺ ይብሳል። ያልነበረ ወንድሟ ሲናገር ሰምታ ዝም ያለች ሴት አልተታለለችም፤ መርጣለች። መንታ አንድ ሰው ነው ትዪኝ ይሆናል፤ አባቶቻችንም እንደዚያ ይላሉ። እንግዲያውስ አንዱ ሲደውልልሽ ሁለቱም ደውለውልሻል።

ጋትኩዋት ትናንት ከጁባ መጥቶ እኔ ቤት ገብቷል። ነቢዩን አልሰደበም፤ አንቺንም አልወቀሰም። እራት ሲቀርብለት፣ «አጎቴ፣ እናቴ እንድትሰማኝ እኔም መሞት አለብኝ?» አለኝ። ዛሬ በማለዳ ተነስቼ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ይህን ወረቀት ወደ ፑኝዶ የሚመጣ ሾፌር ያደርስልሻል። እኛ ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እንመጣለን። ጋትኩዋት ደጅሽ ላይ ቆሞ ራሱ ይጠራሻል፤ እኔ አፌን አልከፍትም። ወጥተሽ ለልጅሽ መልሺለት።

ወንድምሽ ታንግ
ጋምቤላ