በባለቤቴ መቃብር ላይ ስለተቀረጸው ፈንዲሻ

ለክቡር የከተማችን የውበትና መናፈሻ ክፍል ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በተለይም ዓይንዎ፣ ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ዓይንዎን ለይቼ የጠየቅኩት በክፋት ሳይሆን ከታች የሚያዩት ምክንያት ስላለኝ ነው።

የከተማው ታፔላ ሁሉ አንድ መልክ ይኑረው ብለው፣ በልጅነታችን የከረሜላ ቆርቆሮ ላይ እናየው የነበረውን የመሰለ ወፍራምና ድቡልቡል ፊደል ስለመረጡልን በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ሕዝቡ «ፈንዲሻ» ብሎታል። እውነቱን ለመናገር፣ መዋኛ ገንዳው በር ላይ ሳየው እኔም ወድጄው ነበር፤ የልጆች መጫወቻውማ አምሮበታል። ቅሬታዬ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው።

፩. መመሪያዎ «ሣርና ዛፍ ያለበት የሕዝብ ቦታ ሁሉ» ስለሚል፣ መቃብር ስፍራውም ከመናፈሻ ተቆጥሮ፣ ድንጋይ ጠራቢው ከፈንዲሻ በቀር ሌላ ፊደል እንዳይቀርጽ ተከልክሏል። ሙታኖቻችንን ከዥዋዥዌና ከሸርተቴ እኩል ስላሰቡልን አንጀታችንን አርሰውታል።

፪. ባለቤቴ ዕድሜውን በሙሉ ሒሳብ ያስተማረ፣ ተማሪዎቹ «ቀጥ በሉ» የሚል ስም ያወጡለት ሰው ነበር። በሙቀት እንኳ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ አይፈታም፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚያሰምረው መስመር ማስመሪያ አይፈልግም ነበር። ዛሬ ስሙ ሆዱ ተነፍቶ፣ እግሩ አጥሮ፣ ድንጋዩ ላይ ሊፈነዳ የደረሰ ይመስላል። ከሥሩ ያለው «በሰላም ዕረፍ» ደግሞ የልደት ኬክ ላይ የተጻፈ እንጂ የስንብት ቃል አይመስልም።

፫. ድንጋዩ የተገለጠ ዕለት፣ ጨርቁ እንደተነሳ እህቱ አፏን በእጇ ያዘች። ለቅሶ መስሎን ልናባብላት ስንጠጋ፣ ለካ ሳቋን እየታገለች ኖሯል። ከእርሷ ወደ ልጄ፣ ከልጄ ወደ እኔ ተጋባ። ክቡር ሆይ፣ ዕድሜ ልኬን አብሬው በኖርኩት ሰው መቃብር ላይ ቆሜ ሳቅኩ። ቤቴ ገብቼ ነው በንዴት ያለቀስኩት። ይህን ይቅር ልልዎት ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

፬. አቤት ለማለት ቢሮዎ ስመላለስ፣ ፊደሉ ለጎብኚ ደስታ እንዲሰጥ ተጠንቶ የተመረጠ መሆኑን ጸሐፊዎ በትዕግሥት አስረድተውኛል፤ እርስዎ ግን ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ወረቀቱ ብቻ የሚወራ ይመስለኝ ነበር።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ድንጋዩ ይገልበጥና ስሙ በጀርባው በኩል በቀጭን፣ ቀጥ ባለ ፊደል ይቀረጽልኝ። ፈንዲሻው ወደ አጥሩ ዞሮ አጥሩን ያስደስት። ጠራቢው ፈቃደኛ ነው፤ የቀረው የእርስዎ አንዲት ቃል ናት።

ለጥበብዎ እጅ ነስታ፣ ለመልስዎ ግን ሳትጎብጥ የምትጠብቅ፣
የ«ቀጥ በሉ» ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ደጅዎ ላይ ወረፋ ስጠብቅ፣ የእርስዎ ስምና ማዕረግ በርዎ ላይ በነሐስ፣ በቀጭኑና ቀጥ ባለው በጥንቱ ፊደል ተጽፎ አየሁ። በከተማው ፈንዲሻ ያልደረሰበት ታፔላ እርሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ለካ የተከበረ ሰው ስም እንዴት እንደሚጻፍ አሳምረው ያውቃሉ፤ የሞተ ተጎዳ። ግዴለም፣ እርስዎም ከረጅም ዕድሜ በኋላ ሣርና ዛፍ ወዳለበት ቦታ መምጣትዎ አይቀርም። መመሪያዎ እስከዚያ ካልተሻረ፣ ስምዎን የምናነበው በፈንዲሻ ነው።