የጀልባዋ ስለት

ላሊበላ፣ ሰኞ፣ ኅዳር 21 ቀን 1991 ዓ.ም.

ዛሬ የጀልባዋን ስለት አስገባሁ። አሰብ ሳለን አንድ ቀን እኔና ባለቤቴ በራሳችን ጀልባ የባሕሩን ዳር ዳር ስንዞር ውለን፣ ማምሻውን ነፋስ ተነሳና ሞተሩ ጠፋብን። እሱ የላስታ ልጅ አይደል፣ የገባውን ውሃ በጣሳ እየደፋ "አሸተን ማርያም፣ ካወጣሽን ሁለታችንም መጥተን ጥላ እናስገባለን" አለ። ወጣን። ጦርነቱ ሲነሳ እኔን መኪና ላይ አሳፈረኝ። "ጀልባዋን ሸጬ እደርስብሻለሁ" እንዳለ ቀረ። ስድስት ወር ሆነው።

ጥላውን ይዤ የአሸተንን ዳገት ብቻዬን ወጣሁ። ቄሱ ተቀበሉኝና የባለቤቴን የክርስትና ስም ጠየቁኝ።

"ወልደ ሚካኤል" አልኳቸው።

"በሕይወት ካሉት ጋር ልጥራው፣ ወይስ ካረፉት?"

ጥላውን ሰጠኋቸው። እሳቸውም ጥያቄውን አልደገሙም፤ ተቀብለው ገቡ። ስሙን ሳላስጠራ ወረድኩ።