ሬዲዮው ከፍ ሲል

ልጄ፣

ከትምህርት ቤት ስትመለሺ በሩ ተገንጥሎ ብታገኚው አትደንግጪ። ወለሉ ላይ ያለው ደም የእኔ አይደለም።

አልጋሽ ላይ የተኛችው የጎረቤትሽ፣ የባለወፍጮው ሚስት ናት። ነርሷ ግንባሯን ሰፍታታለች፤ ፋሻውን እንዳትነኪው። ጀሪካኑ ውስጥ የቀረው ውሃ ለእሷ ነው።

ባሏ በመጥረቢያ እጀታ ሲቀጠቅጣት ደረስኩ። ጎትቼ ወደዚህ አስገባኋት፤ ተከትሎን መጣና በሩን ገነጠለው። በዘነዘና ክንዱን አልኩት። ሲሰበር ሰምቼዋለሁ። መጥረቢያውን ከጣለ በኋላም ደገምኩት።
ለሁለተኛው ማንንም ይቅርታ አልጠይቅም።

ፖሊሱ ደጅ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። በእጅ ምልክት ለምኜው ነው ይቺን የምጽፍልሽ። ዘነዘናውን አትፈልጊው፤ እሱም አብሮኝ ታስሯል።

በጎ ፈቃደኛ አስተማሪ ሆነሽ በለፋሽበት መንደር ልጠይቅሽ መጥቼ ጣጣ አመጣሁብሽ። እሱን ይቅር በይኝ። አለቆችሽ ቢቆጡሽ «እናቴ እብድ ናት» በያቸው፤ አልቀየምም።

ግን የመጣሁ ዕለት ያቺ ሴት ስትጮህ፣ «እማዬ፣ በሰው አገር በሰው ትዳር አይገባም» ብለሽ ሬዲዮውን ከፍ አደረግሽው። እኔም እንግዳ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ ዱላ ግን አስተርጓሚ አያሻውም።

አባትሽ እኔን ሲደበድበኝ የጎረቤቶቻችንም ሬዲዮ እንዲሁ ከፍ ይል ነበር። አንቺ ጠረጴዛ ስር ተደብቀሽ፣ «እማዬ፣ አይሰሙንም እንዴ?» ትይኝ ነበር።

ይሰሙን ነበር፣ ልጄ።