ለአባቴ ያልተረጎምኩት

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 9

ትሄዳለች። ደብዳቤው ዛሬ ደረሰ። ቲቸር ጽጌ ቆማ አነበበችው፣ ከዚያ ተቀምጣ እንደገና አነበበችው። ውጭ አገር ያለ የምርምር ተቋም ለዐሥር ወር ተቀብሏታል። እዚያው ግቢ ውስጥ መኖሪያና የሥራ ክፍል ይሰጧታል። የምትጽፈው በድሃ አገሮች ሴት ልጆች ለምን ትምህርት እንደሚያቋርጡ ነው።

«ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

«ጥሩ ነው» አልኩ። ልብስ ላጥብ ብዬ ባሮ ወረድኩ። ወንዙ ሞልቶ ደፍርሷል። ያጠብኩት ነጭ ሁሉ ጭቃ መስሎ ወጣ።

ኒውላንድ ሰፈር እሷ ቤት ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው። አባቴ እዚህ የተወኝ «እኔ ጋ እስካለች ድረስ ትማር» ብላ ስለለመነችው ነው። እሺ ያለውም ለዚያ ብቻ ነው። እሷ ጋ እስካለሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 10

ለጥናቷ የልጃገረዶች ቃል ያስፈልጋታል። ቴፕ ከፍታ ጠየቀችኝ። አብረውሽ የተማሩት ሴቶች የት ደረሱ?

አጁሉ አገባች። ኛንዴንግ እናቷ ስትታመም ቤት ቀረች። ፋጡማ፣ የሰፋሪዎቹ ልጅ፣ መንገዱ ይርቃል ብለው አስቀሯት። ስድስተኛን የጨረስኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«አንቺስ? ምን ያሰጋሻል?»

ቴፑን አየሁ። ካሴቱ ይዞራል። በመጨረሻ ዘጋችው። «ባትሪ ጨረሽብኝ፣ አሪየት» ብላ ሳቀች።

መልሱን ዐውቀዋለሁ። ያንቺ መሄድ ነው የሚያሰጋኝ። ይሄ ለሰው እንዴት ይባላል?

ዓርብ፣ ነሐሴ 12

ወንድሜ ኦባንግ ከኢታንግ መጣ። ወሬው ቀድሞ ደርሶታል። ያመጣውን ደረቅ ዓሣ ለቲቸር ሰጠና እኔን ወደ ውጭ ጠራኝ።

«ነገ አባባ ይመጣል።»

«ለምን?»

«ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። የኦባንግ እጮኛ ሁለት ዓመት ጠበቀችው። ለቤተሰቧ የሚሰጠው የጥሎሽ ዶቃ፣ ድሙይ፣ የለውም። እኛ ዘንድ ወንድም የሚያገባው ለእህቱ በመጣው ድሙይ ነው። እኔ ካላገባሁ እሱ አያገባም።

«እኩዮቼ ልጅ ታቅፈዋል። እኔ ያንቺን ሰርተፊኬት ልቀፍ?» አለኝ። ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 13

አባቴ አማርኛው ጥቂት ነው። ኦባንግ ይችላል፣ ግን አልተረጉምም ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ስለ ራሴ።

ቲቸር «አሁን ክልል ሆናችኋል፤ ቢሮው የተማረች ሴት ይፈልጋል» አለች።

«መጀመሪያ እኔን ይፈልገኝ» አለ ኦባንግ።

ከዚያ ተሳሳተች። ድሙይ የገበያ ዶቃ መሰላት። «እኔ ልግዛላቸው። የት ነው የሚሸጠው?»

እያፈርኩ ተረጎምኩ። ድሙይ ከአያት የወረደ ሰማያዊ ዶቃ ነው፤ ከቤት ወደ ቤት የሚሄደው ሴት ልጅ ስትሄድ ነው። አባቴ «ድሙይ የሚሰጥ ሰው የሚያገባ ሰው ነው። ልታገባሽ ነው ወይ በያት» አለኝ።

ስነግራት ሁላችንም ሳቅን። ቲቸር እየሳቀች ዐይኗ እንባ ሞላ።

«እንግዲያው አልሄድም» አለች። «ጽጌ ቀርታለች በያቸው።»

አባቴ አፍ አፌን ያያል። ይህን ቃል ባደርስለት እማራለሁ። ማመልከቻዋን አሰብኩ፤ ሁለት ጊዜ አንቀበልም ተብላ በሦስተኛው ነው የተሳካላት።

በአኝዋክኛ እንዲህ አልኩት፦ «አባባ፣ ሰባተኛን ልማር። ይሄ የእሷ ቃል አይደለም፣ የኔ ነው።» ለአባቴ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

ኦባንግ ሁለቱንም ሰማ። ቀና ብሎ አየኝ። አላጋለጠኝም።

አባቴ «እናስብበታለን» ብሎ ተነሣ።

«ምን አሉ?» አለች ቲቸር።

«ትሂድ አለ። እኔም እማራለሁ» አልኳት። ከዚህ በፊት ዋሽቻት አላውቅም።

እሑድ፣ ነሐሴ 14

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ኦባንግ ጠበቀኝ።

«አባባ እስከ ገና ትማር ብሏል። አከራያችሁን አነጋግሬያለሁ። እየሠራሽላቸው ወጥ ቤት ታድሪያለሽ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔም ሰው ነኝ፣ ላግባ እንጂ።» መንገድ ስንጀምር «ለምን አልተረጎምሽም? ቀርታልሽ ነበር እኮ» አለኝ።

እርምጃዬን አፍጥኜ ቀደምኩት።

ቤት ስገባ ቲቸር ልብሷን እያጠፈች ታዜማለች። ስታዜም ሰምቻት አላውቅም። መጻሕፍቷን ሻንጣው ውስጥ ደረደርኩላት።

«ስመለስ ስምንተኛ ልትገቢ ነው» አለችኝ።

«እሺ» አልኩ።

ምዝገባ ነገ ይጀመራል። በጠዋት ሄጄ እሰለፋለሁ። ስሜን ለሙሉ ዓመት ነው የማስጽፈው፤ እስከ ገና የሚባል ምዝገባ የለም።