በቃሬዛ የመጣችው መኪና

ሰኔ 20

ጉልበቴ ዛሬም አልታዘዝ አለ። ከወንዙ ማዶ ያለው ቤተ ክርስቲያን ቀረብኝ። በእንጨት ድልድዩ ባጃጅ አያልፍ፣ እኔ ከማዶ በእግሬ ዳገቱን አልችል… ቁጭ ብዬ ልብስ ተኮስኩ።

ከሰዓት በኋላ በያጁ ጎረቤቴ አብዱልሐሊም መጣ። አራተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ ያኔም ወረቀት መስመር ሳያሰምር ነበር የሚቆርጠው። "እትዬ፣ አለቀች። መጥተው ይዩልኝ" አለ። ሄድኩ። በባጃጅ ሞተር የምትሄድ ትንሽ መኪና። ወንበሩን አጥፎ፣ ጣሪያውን አውርዶ፣ ጎማዎቹን ወደ ውስጥ ሲሰበስብ ሳጥን አከለች። አራት ሰው ተሸክሞ ድልድዩን ያሻግራታል፤ ማዶ ተዘርግታ ትነዳለች። ይህን ያሰበው እናቱ በቃሬዛ ወደ መርሳ አስፋልት ስትወሰድ መንገድ ላይ ካረፈች ወዲህ ነው። ሰፈሩ "ብረት ለቃሚው" እያለ ሲስቅበት ኖረ።

"ከአሥር ስንት ይሰጡኛል?"

"በሩ ሳይገጥም ምን ማርክ አለ?"

እውነቴን ነው። ጣት ያስገባል።

ሰኔ 26

ነገ ወልድያ ይወስዳታል፤ የፈጠራ ሥራ የሚታይበት አዳራሽ አለ። እዚያ ፈላጊ ካላገኘ ሞተሯ ተነቅሎ ባጃጅ ላይ ይገጠማል። ሚስቱ ረዲ ቃል አስገብታዋለች። "ልጆቹ ጀርባውን እንጂ ፊቱን አያውቁትም" አለችኝ። ልክ ናት።

ሰኔ 30

ወሬ የለም። ስለ በሩ ደግሜ መናገር ነበረብኝ?

ሐምሌ 2

በሥርዓት ልጻፈው… ሳቄ እየቀደመኝ ነው።

በረንዳ ላይ ሆኜ አራት ጎልማሶች ቃሬዛ ተሸክመው ድልድዩን ሲሻገሩ አየሁ። በጋቢ ተሸፍኗል። ከኋላ አብዱልሐሊም አንገቱን ደፍቶ፣ ረዲ ዓይኗ ቀልቶ። ከወልድያ ሆስፒታል የመጣ አስከሬን ነው አልኩ። ዘመዳቸው ይሆን? ደግሞ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ የት አለ? መጀመሪያ ይሸኛል። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ምርኩዜን ይዤ ወጣሁ። ከየቤቱ ሰው ተከተለ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። የቅሬያችን፣ የቀብር ዕድራችን፣ ዳኛ ጋሼ ሚስባህ ሱቃቸውን ዘግተው ደረሱ። ግቢው ውስጥ ቃሬዛው ሲወርድ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ።

አብዱልሐሊም ዞር አለ። "ማን ነው የሞተው?"

"አንተ አምጥተህ እኛን ትጠይቃለህ?" አሉት ጋሼ ሚስባህ።

ጋቢውን ገለጠው። መኪናዋ።

ወልድያ ላይ ከታጣፊ አልጋዎች ጎን አቁመዋት ኖሯል። ሰው ሁሉ አልጋ መስላው የሚጠይቀው ፍራሿን ብቻ። ጋቢውን ያለበሳት ለዝናቡ ነው፤ ቃሬዛውን ከቅሬው ቤት የተዋሰው ለትከሻ እንዲመች። ሞተሯን ዛሬውኑ ሊነቅል…

ጋሼ ሚስባህ ጢማቸውን ዳበስ አድርገው፣ "እንግዲህ ሱቅ አስዘግተኸናል። ወይ ቅበራት፣ ወይ አስነሳት" አሉ። መጀመሪያ የሳቀችው ረዲ ናት።

ዘረጋት። ተነሳች። ግቢውን ዞረች። ለቀብር የወጣ ሰው ሌላ ሥራ የለውም፤ እስኪመሽ ማንም አልሄደም። ወልድያ ያጣውን ተመልካች እዚህ አገኘ።

"የሞተሩ ነገርስ?" አልኳት ረዲን።

"እስቲ ይደር።"

ሐምሌ 11

ቅሬው ተሰበሰበ። "ለሞተው ድንኳን አለን፣ ቃሬዛ አለን። ለታመመውስ ምን አለን?" አሉ ጋሼ ሚስባህ። ተወሰነ፦ መኪናዋ ሕመምተኛ ታደርሳለች፣ ነዳጁ ከቅሬው፣ ሸክሙ በተራ። የግራና አገር ሰዎች ደግሞ ለእነሱም እንዲሠራላቸው መልእክት ልከዋል። ረዲ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ "ሞተሩ አይነቀልም" አለች።

ስለ በሩ ምንም አላልኩም። ከበደኝ።

ሐምሌ 25

ጎረቤታችን ማሚቴን ምጥ ያዛት፣ በዚያ ዝናብ። ወንዶቹ መኪናዋን፣ ሴቶቹ እሷን አሻገሩ። ወንድ ልጅ። ሁለቱም ደህና።

ነሐሴ 16

ኪዳነ ምሕረት። ጠዋት አብዱልሐሊም ከደጄ ቆመ። "ይነሡ እትዬ፣ ቅዳሴው ሳይገባ።" ድልድዩን ደግፈው አሻገሩኝ፤ ማዶ ተዘርግታ ጠበቀችኝ። ዳገቱን ስንወጣ በሩን እስከ መጨረሻው በእጄ ይዤው ነበር።

ስወርድ "ዘጠኝ" አልኩት።

"አንዱስ?"

"በሩ።"

እየሳቀ ቀረ። ከቅዳሴ ስወጣ በሩን ነቅሎ፣ ሞረድ ይዞ አጎንብሶበት አገኘሁት። ጠጋ ብዬ አየሁ። በጠመኔ መስመር አስምሯል።