የአባባ ቅጠሎች

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ያ ከርሳም አምባዛ ዛሬም ሲግጥ አደረ። አባባ ከመታመማቸው በፊት በእጃቸው የዓሣ ማኖሪያው አኳሪየም ውስጥ የተከሏቸው ሰፋፊ ቅጠሎች ወንፊት ሆነዋል። መስታወቱን እየላሰ ያጸዳል ሲባል ሰምቼ ነበር መሃል ከተማ ካለ የዓሣ ሱቅ ሄጄ የገዛሁት። አባባ ከአልጋቸው ሆነው የሚያዩት ሌላ ምን አላቸው!

ባለሱቁ ጋ ብደውል፣ “ርቦት ነው፤ ዝኩኒ ቀቅለሽ ጣይለት” አለኝ። ቀቀልኩለት። ዝኩኒው አሸዋው ላይ እንደተጋደመ ነው፤ ዞሮም አላየው።

የአባባም ሾርባ እንደቀረበ በረደ። ከእሁድ ጀምሮ ከውሃ በቀር ወደ አፋቸው የገባ ነገር የለም። ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። “በሞቴ፣ አንዴ ብቻ!” ብዬ ማንኪያውን ባስጠጋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ንዴቴን በዓሣው ልወጣ መረብ አነሳሁ። “ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወስጄ ለአባ ኮዳ ወፍ ነው የምጥልህ!” እያልኩ ከተለጠፈበት ቅጠል ላይ ልጨልፈው ስል፣ ከኋላዬ የአባባን ድምፅ ሰማሁ። ስንት ቀን የናፈቀኝ ድምፅ።

“ተዪው፣ ልጄ። ይብላ።”

“ቅጠልዎን ጨረሰው እኮ፣ አባባ!”

“ይብላ። በሞቴ።”

መረቡን አወረድኩ። በየማዕዱ የምንለው ቃል ነው፤ እኔም አሁን ብዬዋለሁ። ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግን ልመና አልመሰለኝም፤ “ሞቴ” የሚለው ብቻ ጎልቶ ተሰማኝ።

“እርስዎስ?” አልኳቸው።

ዓይናቸው ዓሣው ላይ ነው። ሾርባውን እንደገና አሙቄዋለሁ።