አጎንብሶ ሰማይ ማየት

አሰበ ተፈሪ፣ ኅዳር 21 ቀን 1958 ዓ.ም.
ጣውላውን ዛሬም ላግሁት። አሁን አይወላገድም። የጦር ሜዳ መነጽሩን በላዩ አስሬ ወደ ታች አዘነበልኩት፤ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ላስቲክ ቆርጬ ነው ያሰርኩት። ከፊቱ መላጫ መስተዋቴ በማጠፊያ ከፍ ዝቅ ይላል። ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ሰማዩ መስተዋቱ ላይ ይወርዳል፣ እኔ አጎንብሼ አየዋለሁ። ሂርና ላይ መኪናችን ከተገለበጠ ወዲህ አንገቴ ወደ ላይ አይታጠፍም። የድሬዳዋው ሐኪም ቀና ማለትን እርሳው ብሎኛል። ማስታወሻዬ፣ የጂኦግራፊ መ/ር ሆኜ ሰማይን ልርሳ? አልረሳም።

ኅዳር 24፣ ከም. 2 ሰዓት ተኩል
ይታያል! ጁፒተር በምሥራቅ ወጥቷል፤ አገኘሁት። ግን ሁለት ነው፤ አንዱ ደማቅ፣ ሌላው ደብዛዛ። ነገሩ ገባኝ። የመስተዋቱ ፊት ለብቻው፣ ከኋላ ያለው የብር ቅብ ለብቻው ያንጸባርቃሉ። የጀርባውን ቀለም አስለቅቄ ብሩን ወደ ላይ ማዞር አለብኝ።

ኅዳር 26
ጉድ ሆንሁ። ቲነር አፍስሼ በችኮላ ፈተግሁ፤ ቀለሙም ብሩም አብረው ለቀቁ። በእጄ የቀረው ተራ የመስኮት መስታወት ነው። በምን ልላጭ? እራት አልበላሁም። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ምግቡን ከድና አኖረችው።

ኅዳር 29
ጎረቤታችን ሐጂ አደም መጡ። ጀርባቸው ጎብጦ ፊታቸው ከመሬት አይነሳም፤ ሰው የሚለዩት በጫማው ነው። ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ከዚያ የሮመዳንን ጨረቃ በዓይናቸው ካዩ ስንት ዘመን እንደሆነ፣ ሰዎች ታየች ሲሏቸው አምነው እንደሚጾሙ አጫወቱኝ።
«መምህር፣ አጎንብሶ የሚያይ ነው ያልከው?»
«አዎ፣ ሐጂ።»
«እኔ እኮ ሁልጊዜ እንዳጎነበስሁ ነኝ!» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።
ሲሄዱ ጥሩወርቅ የሠርጓን መስተዋት ከሣጥን አወጣች። እናቷ ናቸው የሰጧት። አይሆንም አልኳት። ካበላሸኸው እኔ ፊት እንዳትቆም ብላ እጄ ላይ አኖረችው።

ታኅሣሥ 3
ቀኑን ሙሉ ቲነሩን በጥጥ፣ ጠብ ጠብ እያደረግሁ። ጥሩወርቅ ከአጠገቤ አልተነሳችም። በኋላ ጥጡን ነጠቀችኝ፤ እጇ ከእጄ ይለሰልሳል። ቀለሙ ለቀቀ፣ ብሩ ቀረ! አንድ ጥግ ብቻ ተጭሯል።
ከም. 2 ሰዓት፦ ጁፒተር አንድ! አንድ ብቻ! ጨረቃዎቹ በጎንና በጎኑ፣ የመርፌ ጫፍ እያከሉ። ጣውላው ስለማይንቀጠቀጥ ጥርት ብለው ይለያሉ። ጥሩወርቅ ዝቅ ብላ አየችና እልል አለች። ጎረቤቱ ማን ወለደ እያለ ወጣ።

ታኅሣሥ 14፣ ሐሙስ
ሻዕባን 29 ነው፤ ዛሬ ማታ ጨረቃ ከታየች ነገ ሮመዳን ይገባል። ከመስጊዱ በላይ ጉብታው ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጣውላውን ጠረጴዛ ላይ አኖርሁ። ማጉረምረም ተሰማ፤ በመስተዋት የታየች ጨረቃ ትቆጠራለች ወይ? ሐጂ አደም «መጀመሪያ ትገኝ!» አሏቸው። ፀሐይ ገባች። ቬነስ ከላይ ቦግ ብላለች፤ ከታች ምንም የለም። መስተዋቱን በፀጉር ልክ አዘነብላለሁ። ሐጂ ዓይናቸውን ከመነጽሩ አላነሱም። ላብ አጠመቀኝ። ብርሃኑ እየሞተ ነው። አልሆነም ብዬ ልተው ስል ክንዴን ጨበጡኝ።
«ተው፣ እንዳትነካ! ጂአ! ጂአ አርጌ!»
ጨረቃን አየሁ ማለታቸው ነው፣ በኦሮምኛ። እኔም በመነጽሩ አየሁ፤ ከክር የቀጠነች። አቅጣጫውን በጣቴ አሳየሁ። አንድ ጎልማሳ ያለ መነጽር አያት፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ጉብታው ሁሉ። ጉርምርምታው በ«አላሁ አክበር» ተክቢራ ተዋጠ። ሐጂ ግን እንደገና መነጽሩ ላይ ናቸው። እንባቸው ጣውላው ላይ ይንጠባጠባል። ልጠርገው ብዬ ተውኩት።

ታኅሣሥ 15፣ ዓርብ
ት/ቤት ገና ሳልደርስ መንገድ ላይ አራት ሰው አቆመኝ፤ ሐጂ አደም ቀድመው አዩ አሉ አይደል? አዎ፣ ከሁሉ ቀድመው! አንገቴ ዛሬ አላመመኝም፤ ወይም ረስቼዋለሁ። ወሰንሁ፦ ጣውላው ከነመስተዋቱ ከሐጂ ቤት ይቀመጥ፣ ለእኔ ሌላ እሠራለሁ። ለጥሩወርቅ እንዴት እንደምነግራት ሳሰላስል ዋልሁ። አሁን ነገርኳት። ሳቀች። ጠዋት እኔ ስወጣ፣ ጣውላውን በነጠላዋ ጠቅልላ ወስዳላቸው ኖሯል።